ሳይኮሲስ ሲጀምር የትኛው የአንጎል ምርመራ? ከሲቲ ስካን እስከ ፔት፣ በየጥያቄው ሲነጻጸሩ

ሳይኮሲስ መኖር አለመኖሩን ቁርጥ አድርጎ የሚናገር የአንጎል ምስል እስከ ዛሬ የለም። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው የምርመራ ወረቀት በእጃቸው ይዘው፣ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡት እያሰቡ ለሚያነቡ ቤተሰቦች ነው። ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ሌላው የማያየውን ማየት፣ ምንም ማስረጃ የማያናውጠው የተሳሳተ እምነት መያዝ፣ የሐሳብና የንግግር መበታተን፣ እነዚህን የሳይኮሲስ ምልክቶች ሁሉ አይቶ ለበሽታው ስም የሚሰጠው ሐኪሙ ነው። የሚሰጠውም ታማሚውን በጥሞና አነጋግሮ፣ ቤተሰቡ ያየውን ጠይቆ፣ ሰውነቱን መርምሮ ነው።

ታዲያ መሣሪያዎቹ ለምን ተፈለጉ? ሥራቸው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሳይኮሲስ የሚመስል ምልክት የሚያመጣ ሌላ በሽታ፣ ለምሳሌ ዕጢ ወይም የአንጎል መቆጣት፣ እንዳለ ማጣራት ነው። ሁለተኛው የአንጎል ክፍሎች እንዴት እንደሚሠሩና እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ ማየት ነው። ሦስተኛው እንደ ዶፓሚንና ግሉታሜት ያሉ፣ የነርቭ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ኬሚካሎች መለካት ነው። የመጀመሪያው ዛሬ ለታመመው ሰው ይጠቅማል። የቀሩት ሁለቱ አሁንም በአብዛኛው በተመራማሪዎች እጅ ናቸው፤ ከእነሱ የተገኘው እውቀት ግን የመድኃኒት አሰጣጡን ቀይሯል። ይህን ሳይለይ የተነሳ ሰው ገንዘቡንም ተስፋውንም ያለ ቦታው ያፈስሳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐኪም ቤት ውስጥ፦ ሲቲ፣ ኤምአርአይ ወይስ ኢኢጂ?

ሁሉም የመጀመሪያ ጊዜ ታማሚ የአንጎል ምስል መነሳት አለበት ወይ በሚለው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው አልተስማሙም። በብሪታኒያ ናይስ የሚባለው መመሪያ አውጪ ተቋም በ2008 ለሁሉም ሰው በዘልማድ ማዘዝ አያስፈልግም ብሎ ወሰነ። በ2023 የወጣ፣ 12 ጥናቶችንና ከ1,600 በላይ ታማሚዎችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ግን ክርክሩን እንደገና ከፈተው። በመግነጢስ የሚሠራውን ኤምአርአይ ከተነሱት የመጀመሪያ ጊዜ ታማሚዎች 26 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ምስል ላይ አንድ ያልተለመደ ነገር ታይቷል። ሕክምናን የሚያስቀይር ሆኖ የተገኘው ግን ወደ 6 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነው። ይህም 18 ያህል ሰው ሲነሳ ለአንዱ የሕክምና መንገድ ይቀየራል ማለት ነው።

18 ለ 1 ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? መልሱ ምርመራው በሚያስከፍለው ዋጋ ይወሰናል። ኤምአርአይ በቅርብ በሚገኝበት፣ ኢንሹራንስ ወይም መንግሥት በሚከፍልበት አገር ላለ ሰው አንድ ጊዜ መነሳቱን እደግፋለሁ። ምርመራው በሬ መሸጥን ወይም ዕቁብ ለምኖ ቀድሞ መውሰድን የሚጠይቅ ከሆነ፣ አደገኛ ምልክት በሌለበት ሕክምናው ሳይጀመር ገንዘብ እስኪሞላ መጠበቅ የለበትም። ሳይኮሲስ ሳይታከም የቆየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር የማገገሙ ነገር እንደሚከብድ በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚጠበቀው የምስል ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ከሆነ፣ ሦስቱም ሳምንት ከታማሚው ዕድል ላይ የሚቀነስ ነው።

አደገኛ ምልክት የምለው ምን እንደሆነ ልዘርዝር፤ በእነዚህ ጊዜ ስለ ዋጋ አልከራከርም። የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ፣ ትኩሳት፣ የማይለቅ አዲስ ራስ ምታት፣ የአንድ ጎን መድከም፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ቀንና ቦታን እስከ መሳት የደረሰ መወናበድ፣ በቀናት ውስጥ የመጣ ፈጣን ለውጥ፣ የኤችአይቪ በሽታ መኖር፣ ወይም ምልክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በጉልምስና ወይም በእርጅና ዕድሜ መሆኑ። ሳይኮሲስ በብዛት የሚጀምረው ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ነውና፣ በ55 ዓመታቸው በድንገት የተለወጡ እናት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል።

ሁለቱ መሣሪያዎች ሲነጻጸሩ ሲቲ በደቂቃዎች ያልቃል፤ የደም መፍሰስን፣ የአጥንት ስብራትንና ትልቅ ዕጢን ያሳያል፤ ለወደቀ ወይም ለተመታ ሰው በድንገተኛ ክፍል የሚቀድመው እሱ ነው። የሚሠራው በራጅ ስለሆነ ጨረር አለው። የአንድ ጊዜ የጭንቅላት ሲቲ 2 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይሰጣል፤ ማንኛውም ሰው ከተፈጥሮ አካባቢው በዓመት የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ያህል ነው። ኤምአርአይ ጨረር የለውም፤ የአንጎልን መቆጣት፣ ትንንሽ ጠባሳዎችንና በጆሮ ግንድ በኩል ያለውን የአንጎል ክፍል በተሻለ ያሳያል። ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀሱ መተኛትን ይፈልጋል፤ ድምፁም ከባድ ነው። ሁለቱም በሚገኙበት፣ ድንገተኛ አደጋ በሌለበትና በሰውነት ውስጥ የሚከለክል ብረት ከሌለ ምርጫዬ ኤምአርአይ ነው።

ኢኢጂ የሚባለው፣ በጭንቅላት ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ገመዶች የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግቡበት ምርመራ፣ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ርካሽ ነው፤ ጨረር የለውም። መንዘፍዘፍ በተጠረጠረ ጊዜ ከምስል ጋር አብሮ የሚፈለግ ነው። በ2007 ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቻቸው ያብራሩት፣ የሰውነት መከላከያ በአንጎል ላይ የሚነሳበት አንድ በሽታ አለ። ኤንኤምዲኤ የሚባለውን የግሉታሜት ተቀባይ ያጠቃል፤ በብዛት ወጣት ሴቶችን ይይዛል፤ መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ የአእምሮ ሕመም ይመስላል፤ ከዚያ መንዘፍዘፍ፣ የፊትና የአፍ ያልታዘዘ እንቅስቃሴ፣ የንግግር መጥፋት ይከተላል። የእነዚህ ታማሚዎች ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ኢኢጂው ግን በአብዛኛው የተዛባ ነው። ማረጋገጫው ከጀርባ በሚወሰድ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል። ስለዚህ «ኤምአርአይዋ ንጹሕ ነው» ተብሎ ነገሩ የተዘጋባትን፣ ግን የምትንዘፈዘፍ ወይም ትኩሳት ያላትን ልጅ ሐኪሟ እንደገና እንዲያያት ይጠይቁ።

በኢትዮጵያ ከማናቸውም ምስል በፊት የሚቀድሙት የደም ምርመራዎች ናቸው፤ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ስኳር፣ የእንቅርት ሆርሞን፣ ትኩሳት ካለም ወባ። ጫትን፣ አልኮልንና ሌላ ሱስን ሳይደብቁ መንገርም የምርመራው አካል ነው። በዚህ አጋጣሚ ብዙ ሰው ስለሚፈራው ነገር፦ ከጥሬ የበሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ወደ አንጎል ገብቶ እባጭ አይሠራም። ያን የሚያደርገው የአሳማ ኮሶ ዕንቁላል ነው።

ታማሚው ራሱ ምርመራውን ሲፈራስ? ጠላቶቹ ጭንቅላቱ ውስጥ መሣሪያ እንደቀበሩ የሚያምን ወጣት ወደ ጠባብ፣ የሚያንኳኳ ቱቦ ግባ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። አታላችሁ አትውሰዱት። አንዳንድ ቤተሰብ «ምንም እንደሌለ በፎቶው ያይና ያምናል» ብሎ ይወስዳል፤ እምነቱ ግን በማስረጃ የሚፈታ ዓይነት ስላልሆነ ፎቶው ጥርጣሬውን አያነሳለትም፤ ያስያዘውም ሰው ከጠላት ሊቆጠር ይችላል። አስቸኳይ ምልክት ከሌለ መድኃኒቱ ጀምሮ ትንሽ እስኪረጋጋ መጠበቅ ይቻላል።

የአንጎልን ሥራ ማየት፦ ኤፍኤምአርአይ

ፈንክሽናል ኤምአርአይ፣ በአጭሩ ኤፍኤምአርአይ፣ በተራው የኤምአርአይ ማሽን ውስጥ የሚደረግ ሌላ ዓይነት አነሳስ ነው። መሠረቱን የጣሉት ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋ በ1990 ነው። ኦክስጅኑን የለቀቀ ደም ለመግነጢስ የሚሰጠው ምላሽ ኦክስጅን ካለበት ደም ይለያል፤ አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ ትኩስ ደም ይጎርፋል፤ ማሽኑ ያን ልዩነት ይይዛል። የሚለካው እንግዲህ የነርቭ ሕዋስን ሥራ በቀጥታ ሳይሆን የደሙን ፍሰት ነው፤ እሱም በሰከንዶች ዘግይቶ። ከጣሪያ የሚወጣውን ጭስ አይቶ እሳቱ የት ቤት እንደነደደ ማወቅ ይቻላል፤ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ጭሱ አይናገርም።

ጥንካሬው ግልጽ ነው። ጨረርም መርፌም የለውም፤ ሰውን ደጋግሞ ማንሳት ይቻላል፤ መላውን አንጎል በአንድ ጊዜ ያሳያል። ለመጀመሪያ ጊዜ በታመሙ ሰዎች ላይ ካስገኛቸው ውጤቶች ይበልጥ የሚመስጠኝ፣ በኒውዮርክ የተሠራው፣ ስትራያተም የሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ከሌሎች ክፍሎች ጋር ያለው ግንኙነት ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ማን ለመድኃኒት ጥሩ ምላሽ እንደሚሰጥ ለመተንበይ የሞከረው ሥራ ነው። በ2016 ሲታተም ትንበያው ተስፋ ሰጪ ነበር። እስካሁን ግን የዘወትር ሐኪም መሣሪያ አልሆነም።

ለምን አልሆነም? ሁለት ምክንያቶችን ልንገራችሁ። በ2020 የታተመ አንድ ሥራ የ108 ሰዎችን አንድ ዓይነት ምስል ለ70 የምርምር ቡድኖች ሰጥቶ 9 ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ጠየቃቸው። ሁለት ቡድን እንኳ አንድ ዓይነት የትንተና መንገድ አልተከተለም፤ ለአንዳንዶቹ ጥያቄዎችም የሰጡት መልስ ተራራቀ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ትንተና ደግሞ ሰውን ሥራ እያሠሩ ሲያነሱት የሚገኘው ውጤት በሌላ ቀን ቢደገም ምን ያህል እንደሚመሳሰል መረመረ። 1 ፍጹም መመሳሰል በሆነበት መለኪያ አማካዩ 0.4 ገደማ ነበር። ሰዎችን በቡድን አነጻጽሮ ስለ በሽታው ለመማር ይህ ሊበቃ ይችላል፤ የአንድን ልጅ ዕጣ ለመወሰን ግን አይበቃም። በዚህ ላይ የሚጨመረው ደግሞ የራስ መነቃነቅ ነው። የተጨነቀ ሰው ከጤነኛው ይበልጥ ይንቀሳቀሳል፤ ሚሊሜትር የማትሞላ እንቅስቃሴም በአንጎል ክፍሎች መካከል ያለውን ግንኙነት የተለወጠ ታስመስላለች።

ስለዚህ ማንም የግል ድርጅት «ኤፍኤምአርአይ አንስተን ስኪዞፍሬኒያ (ሳይኮሲስ ዋና ምልክቱ የሆነ፣ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም) እንዳለበት እንነግራችኋለን» ቢል ገንዘባችሁን ያዙ። ለጥናት ሲጋበዙ ግን ሰውነትን የማይጎዳ፣ ቀለል ያለ አማራጭ ነው።

ኬሚስትሪው፦ ፔት ያሳየን

በእኔ ዕይታ ስለ ሳይኮሲስ መጀመሪያ ከምስል የተማርነው ትልቁ ነገር የመጣው ከፔት ነው። በፔት ጨረር የሚያመነጭ ጥቂት ቅመም በደም ሥር ይሰጣል፤ ቅመሙ አንጎል ውስጥ የት እንደሄደ ማሽኑ ይከታተላል። ቅመሙን መምረጥ ማለት ጥያቄውን መምረጥ ነው። ፍሎሮዶፓ የሚባለው ነርቮች ምን ያህል ዶፓሚን እያመረቱ እንደሆነ ያሳያል። ራክሎፕራይድ የሚባለው ደግሞ ዲ2 የተባለው የዶፓሚን ተቀባይ ምን ያህሉ ክፍት፣ ምን ያህሉ በመድኃኒት የተያዘ እንደሆነ ያሳያል።

በራክሎፕራይድ የተሠራ፣ በ2000 የታተመ አንድ የቶሮንቶ ጥናት እስከ እኛ አገር ጤና ጣቢያ ድረስ ትርጉም አለው። ሺቲጅ ካፑርና ባልደረቦቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመሙ 22 ሰዎች ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት በቀን 1 ወይም 2.5 ሚሊግራም ሰጡ። ከዲ2 ተቀባዮች 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ የመሻል ዕድሉ ከፍ አለ። 72 በመቶ ሲያልፍ ፕሮላክቲን የሚባለው፣ ወተት የሚያመነጨውና የወር አበባ የሚያዛባው ሆርሞን ጨመረ። 78 በመቶ ሲያልፍ መንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተርና መቅበጥበጥ መጣ። በሚያሽለው መጠንና በሚያሰቃየው መጠን መካከል ያለው ክፍተት እንዲህ ጠባብ ነው። በቀን 2 ሚሊግራም ያህል እንኳ ለብዙ ሰው እዚያ ክፍተት ውስጥ እንደሚያደርስ ፔት አሳየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለታመመ ሰው በትንሽ መጠን መጀመር የሚለው መመሪያ ከእንዲህ ዓይነት ሥራ ድጋፍ አግኝቷል። ልጅዎ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ከተገተረ ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ ካቃተው፣ መድኃኒቱን በራስዎ ሳያቋርጡ፣ መጠኑ እንዲታይለት ሐኪሙን ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለዎት። ለዚህ ፔት መነሳት አያስፈልገውም፤ ሌሎች ተነስተውለታል።

የፍሎሮዶፓው ታሪክ ደግሞ የበሽታውን መነሻ ይነካል። በ1995 በፊንላንድ፣ ኋላም በሌሎች አገሮች፣ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ስትራያተም ውስጥ ዶፓሚን ከተለመደው በላይ እንደሚመረት ታየ። በ2009 በለንደን ኦሊቨር ሀውስና ባልደረቦቻቸው ገና ሙሉ ሳይኮሲስ ያልያዛቸው፣ የማስጠንቀቂያ ምልክት ብቻ ያለባቸው ወጣቶች ላይም ጭማሪውን አገኙ። በተከታዮቹ ዓመታት ሲከታተሏቸው ጭማሪው ይበልጥ የታየው በኋላ ወደ ሳይኮሲስ በተሻገሩት ላይ ነበር። የዶፓሚኑ መብዛት ከሕመሙ ሊቀድም ይችላል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህም በቡድን ደረጃ ነው። በታማሚዎችና በጤነኞች መካከል ያለው የአማካይ ልዩነት ግልጽ ቢሆንም፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ ብንደረድራቸው አብዛኞቹ ይደራረባሉ። ጤነኛ ሆኖ ከፍ ያለ ዶፓሚን የሚያመርት አለ፤ ታሞም መካከለኛ ሆኖ የሚገኝ አለ።

የፔት ዕዳ ሦስት ነው። ጨረር አለው፤ የአንድ ጊዜ የፍሎሮዶፓ ምርመራ ጥቂት ሚሊሲቨርት ይሰጣል። ለነፍሰ ጡር አይደረግም፤ ለምታጠባ እናት ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሁለተኛው ጊዜው ነው፤ ለፍሎሮዶፓ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መተኛት ያስፈልጋል። ሦስተኛው ቅመሙ ቶሎ ማለቁ ነው። ከካርቦን 11 የሚሠራው ራክሎፕራይድ በየ20 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሳይክሎትሮን የሚባለው አምራች መሣሪያ እዚያው ግቢ ውስጥ መሆን አለበት። ከፍሎሪን 18 የሚሠራው ፍሎሮዶፓ የሚጋመሰው በ110 ደቂቃ ስለሆነ ከተማ አቋርጦ ሊጓጓዝ ይችላል፤ አገር ለማቋረጥ ግን ሩጫ ነው።

ግሉታሜትና ስፔክትሮስኮፒ

ስፔክትሮስኮፒ ያለ ጨረርና ያለ መርፌ ኬሚካል የሚለካ የኤምአርአይ ዘዴ ነው። ከፎቶ ይልቅ ጫፍና ሸለቆ ያለው የመስመር ሥዕል ይሰጣል፤ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ኬሚካል ነው። ግሉታሜትን፣ ጋባን፣ የነርቭ ሕዋስ ጤንነት የሚነበብበትን ኤንኤኤንና ሕዋስን ከመቃጠል የሚጠብቀውን ግሉታታዮን በዚህ መለካት ይቻላል።

ያስፈለገበትም ምክንያት አለ። የዶፓሚን መድኃኒቶች የማይሠሩላቸው ታማሚዎች አሉ፤ ቁጥራቸውም ቀላል አይደለም። በ2012 በለንደን እነዚህ ሰዎች በፍሎሮዶፓ ሲታዩ የዶፓሚን ምርታቸው ከጤነኞች የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በ2014 ደግሞ በስፔክትሮስኮፒ ሲታዩ አንቴሪየር ሲንጉሌት በሚባለው፣ በግንባር በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ግሉታሜታቸው መድኃኒት ከሠራላቸው ይበልጥ ከፍ ያለ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በታመሙ ሰዎች ላይ የተሠሩ የአውሮፓ ጥናቶችም በዚያው ቦታ ከፍ ያለ ግሉታሜት ያላቸው በተለመደው መድኃኒት የመሻል ዕድላቸው ዝቅ እንደሚል ጠቁመዋል። ይህ ከተረጋገጠ ሁለት ዓይነት ሳይኮሲስ አለ ማለት ይሆናል፤ አንዱ ዶፓሚን የሚነዳው፣ ሌላው በሌላ መንገድ የሚመጣ። የሁለተኛው ታማሚዎች ሁለት ሦስት የማይሠራ መድኃኒት እየለዋወጡ ዓመታት ሳያባክኑ፣ ሌሎቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚሰጠውን ክሎዛፒን የተባለ መድኃኒት ቶሎ ሊጀምሩ ይችሉ ነበር። ለእነዚህ ወጣቶች ስል ይህ ሥራ እንዲሳካ ከልቤ እመኛለሁ።

ግን ገና ነው። ስፔክትሮስኮፒ በአንድ ጊዜ የሚያየው በየጎኑ 2 ሴንቲሜትር ያህል የሆነች ትንሽ ኪዩብ ነው፤ ኪዩቧ የት ትቀመጥ የሚለው ውጤቱን ይለውጣል። የሚለካው ግሉታሜትም በዚያ ቦታ ያለውን በሙሉ ነው፤ ነርቮች ለመልእክት የሚጠቀሙበትንና ሕዋስ ለምግቡ የሚያንቀሳቅሰውን አይለይም። በተለመደው 3 ቴስላ ማሽን (ቴስላ የመግነጢስ ጉልበት መለኪያ ነው) ግሉታሜትና ቅርብ ዘመዱ ግሉታሚን ተደራርበው ይወጣሉ፤ በ7 ቴስላ ይሻላል፤ ያን የመሰለ ማሽን ያላቸው ግን ጥቂት ማዕከላት ናቸው። በ7 ቴስላ ጀማሪ ታማሚዎችን ያዩ አንዳንድ ጥናቶች ደግሞ ግሉታሜት ዝቅ ብሎ አግኝተዋል። መድኃኒት መውሰድ አለመውሰድ፣ ዕድሜና የበሽታው ደረጃ ሁሉ ቁጥሩን ያንቀሳቅሱታል።

ታዲያ ከሁለቱ? ጥያቄው ዶፓሚን ከሆነ ፔትን የሚፎካከር የለም። ስፔክትሮስኮፒ ዶፓሚንን መለካት አይችልም፤ መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ጥያቄው ግሉታሜት ወይም ጋባ ከሆነ፣ ወይም አንድን ሰው ከሕክምና በፊትና በኋላ ደጋግሞ ማየት ከተፈለገ ስፔክትሮስኮፒ ይመረጣል። በገንዘብ በኩል ፔት እጅግ ያስወጣል። በአስተማማኝነት በኩልም ሚዛኔ ወደ ፔት ያደላል፤ ውጤቶቹ ከአገር አገር ሲደገሙ ይበልጥ ተመሳስለዋልና።

ከሁለቱ መካከል የሚገባ ሦስተኛ ዘዴ እየመጣ ነው። ዶፓሚን ሲበዛ በሚያመርቱት ነርቮች ውስጥ ኒውሮሜላኒን የሚባል ጥቁር ቀለም ይጠራቀማል፤ ብረት ስለሚይዝ በተለየ የኤምአርአይ አነሳስ ይታያል። በ2019 የታተመ ሥራ ምልክቱ ከሳይኮሲስ ምልክቶች ክብደት ጋር እንደሚሄድ አሳየ። አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ጨረር የሌለው የዶፓሚን መለኪያ መሆኑ ነው። የሚያሳየው ግን የዓመታት ክምችትን እንጂ የዛሬን ምርት አይደለም። ይህ ቀለም ከቆዳ ቀለም ጋር ግንኙነት የለውም።

ለጥናት ከተጋበዙ

በአሜሪካ፣ በብሪታኒያ፣ በስዊድን ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ወገኖች ልጃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታመም ከትልልቅ ሆስፒታሎች የጥናት ግብዣ ሊደርሳቸው ይችላል። እምቢ ማለት መብት ነው፤ እምቢታውም ሕክምናውን ሊያስቀር አይገባም። መሳተፍም ክብር ያለው ነገር ነው። እስካሁን ከተነሱት የአንጎል ምስሎች ውስጥ የአፍሪካውያን ድርሻ ትንሽ ነው፤ የሌለንበት እውቀት ለእኛ ይሠራ እንደሆነ የሚፈተንበት መንገድ የለም።

ሲመርጡ ጨረር የሌላቸውን፣ ማለትም ኤፍኤምአርአይን፣ ስፔክትሮስኮፒንና ኢኢጂን፣ በቀላሉ መቀበል ይቻላል። ፔት ከሆነ ስንት ሚሊሲቨርት እንደሆነ፣ በጥናቱ ስንት ጊዜ እንደሚደገም፣ በክንድ ውስጥ ካለ፣ ደም ከልብ ከሚያመጣ የደም ቧንቧ (አርተሪ) ናሙና ይወሰድ እንደሆነ ይጠይቁ። መድኃኒት እንዲቋረጥ ወይም መጀመሩ እንዲዘገይ የሚጠይቅ ጥናት ከሆነ ከሚከታተለው ሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይፈርሙ። የፈቃድ ወረቀቱ በሚረዱት ቋንቋ እንዲብራራ፣ አስፈላጊ ከሆነም የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲመጣ ይጠይቁ። ያልታሰበ ዕጢ ወይም ሌላ ነገር ምስሉ ላይ ቢታይ ማን እንደሚነግርዎ አስቀድመው ይወቁ፤ የጥናቱ ዋና ውጤት ግን ለግለሰብ እንደማይሰጥ ከአሁኑ ይወቁት።

ለዕለቱ ደግሞ፦ የማተብ ክር ችግር የለውም፤ የብረት መስቀሉ ግን ከኤምአርአይ ክፍል ውጭ መቅረት አለበት። 3 ቴስላ ከመሬት መግነጢስ 60,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሹሩባ ውስጥ የተሠራ የብረት ጌጥ ወይም የሚያብረቀርቅ ክር ይውጣ። ንቅሳት ካለ ይነገር። ለኢኢጂ ሹሩባው ራሱ ያስቸግራል፤ ገመዱ የራስ ቆዳ መንካት አለበትና። ባለሙያዎቹ ቀድመው ቢነግሯችሁ መልካም ነው፤ ካልነገሯችሁ እናንተ ጠይቁ፤ ለሰዓታት የተሠራ ፀጉር በበር ላይ ፍቺ መባል ያሳዝናል።

በኢትዮጵያ ሆነው ይህን ለሚያጠኑ

ለሳይካትሪ ሬዚደንቶችና ለወጣት ተመራማሪዎች ምርጫው ሌላ ነው። በቡታጅራ ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያየው ጥናት ያገኛቸው የከባድ የአእምሮ ሕመም ታማሚዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። መድኃኒት ያልጀመሩ ሰዎችን ማጥናት በሌላው ዓለም እጅግ ከባድ ነው፤ እዚህ ግን ይገኛሉ። እነሱን ማግኘት ከነሕክምናቸው መሆን አለበት፤ ለጥናት ሲባል አንድም ሰው ሳይታከም ሊቆይ አይገባም።

በዚህ ሁኔታ መጀመሪያ የምመርጠው ኢኢጂን ነው። ተደጋጋሚ ድምፅ መካከል ለየት ያለ ድምፅ ሲገባ ጤነኛ አንጎል የሚሰጠው ምላሽ በስኪዞፍሬኒያ እንደሚቀንስ በብዙ አገር ተደጋግሞ ታይቷል፤ ለዚያ የሚያስፈልገው የኢኢጂ ማሽን፣ የጆሮ ማዳመጫና ጸጥ ያለ ክፍል ነው። በሰው ላይ ሸክሙ ትንሽ ነው፤ ወደ ገጠር ሊወሰድም ይችላል። ቀጥሎ በሆስፒታል የሚሠራ 3 ቴስላ ማሽን ከተገኘ መዋቅራዊ ኤምአርአይና ኒውሮሜላኒን። ስፔክትሮስኮፒ የሚመጣው የፊዚክስ ባለሙያ በቋሚነት ሲኖር ነው፤ ያለ እሱ የሚገኘው ቁጥር አይታመንም።

ማሽን ሳይኖር መጀመርም ይቻላል። በቦስተንና በኢንዲያናፖሊስ የተሰበሰበው የሂውማን ኮኔክቶም ፕሮጀክት የጀማሪ ሳይኮሲስ ክፍል ምስሎቹን ለተመራማሪዎች ክፍት አድርጓል፤ አመልክቶ ማግኘትና በኮምፒውተር መተንተን ይቻላል። በዚያ እጁን ያፍታታ ተመራማሪ አዲስ አበባ ላይ የራሱን ምስል ማንሳት ሲጀምር የራስ መነቃነቅን እንዴት እንደሚያጣራ አስቀድሞ ያውቃል።